ልጁ መጥባት እስኪችል ወተቱን ማን ያቆየዋል?

ጨቅላ ሲጠባ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለልጁ ግን ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። ይስባል፣ ይውጣል፣ ይተነፍሳል። ሦስቱ ተራቸውን ካልጠበቁ ወተቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወይም ልጁን ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የሚያቀናጀው አንጎል ነው። አንጎል ለዚህ ሥራ መድረስ የሚጀምረው ደግሞ ከ32ኛው እስከ 34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው።

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። በ36ኛው ሳምንት የመጣና በ29ኛው የመጣ ግን በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ቶሎ ይደክመዋል፣ ጡት እንደጎረሰ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ግን ይጠባል። ሁለተኛው ለሳምንታት ጭራሽ አይችልም። የእናቱ ጡት ይህን አያውቅም። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ወተት ለማምረት ይነሳል፤ የልጁ ቀን ሞላም አልሞላም።

ችግሩ እዚህ መሃል ላይ ነው። ጡቱ ዝግጁ ነው፣ ልጁ አልደረሰም። በዚህ ክፍተት ወተቱ የሚቆየው በእጅ ወይም በፓምፕ እየታለበ ብቻ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ ለሳምንታት። ሐዋሳ ውስጥ ልጃቸው ማሞቂያ ክፍል ከገባባቸው እናቶች ጋር ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። እህቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች፣ እኔም አስታማሚዋ ነበርኩ። "ወተት የለኝም" ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው ወተቱ አልነበረም። የሚያልቡበት ጊዜ፣ የሚቀመጡበት ቦታ፣ "ነይ ላግዝሽ" የሚል ሰው ነው የጎደለው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እናቶች ብቻ ሳይሆኑ ባልም፣ አማትም፣ አለቃም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ያለጊዜዋ የወለደች እናት ብዙ ጊዜ ራሷም ታማሚ ናት። ደም ግፊቷ ጨምሮ ሐኪሞች ለሁለቱም ሕይወት ሲሉ ቶሎ ያዋለዷት ትሆናለች። በኦፕራሲዮን የወለደችም ትኖራለች። ልጁ አንድ ክፍል ነው፣ እሷ ሌላ ክፍል። ቤተሰብ ያዝንላታል። "እሷ ትረፍ፣ መጀመሪያ ትጠንክር፣ ወተቱ ይደርሳል" ይላል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ግን ወተቱ አይጠብቅም።

ማለብ መጀመር ያለበት ከተቻለ በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ካልተቻለ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ። መቀመጥ ካቃታት ጋደም እንዳለች ሌላ ሰው ሊያልብላት ይችላል። አዋላጅዋ አንዴ ካሳየች እናቷ ወይም እህቷ ትችለዋለች። እኔ የማውቃቸው እናቶች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ያሳለፉት ማንም ስለ ወተት ሳያነሳባቸው ነው። ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ኦክስጂን፣ ስለ ደም፣ ስለ መድኃኒት ነበር። እሱም ተገቢ ጭንቀት ነው፤ ግን ወተቱም ከመድኃኒቶቹ እኩል አስቸኳይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው እንገር ነው። ላም ካለበት ቤት ያደገ ሰው እንገርን ያውቃል። የሰውም ወፍራምና ቢጫ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚገኘው አንድ ሚሊ ወይም ሁለት ሚሊ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሲሪንጅ ሲሰበሰብ ጫፉ ላይ የሚቀር ነው። እናት ይህን ስታይ ትደነግጣለች፣ ታፍራለች፣ አንዳንዷም ይደፋ ትላለች። አይደፋም። ያቺ ጠብታ ያልጠነከረውን አንጀት ትሸፍናለች፣ ከጀርም ትከላከላለች። ገና ምንም መውሰድ ለማይችል ልጅ እንኳን ጥቂት ጠብታ ጉንጩ ውስጥ ይቀባለታል። የሚጎድለውን ፈሳሽ በደም ሥሩ የሚሄደው ግሉኮስ ይሞላዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሚሊ ይዛ የመጣች እናት ምንም አልጎደለባትም።

ወተቱ በርከት የሚለው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ያለጊዜዋ በወለደች እናት ላይ ግን ሊዘገይ ይችላል። ጡቷ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሊያደርግ የነበረውን ዝግጅት አልጨረሰም። ሕመሙ፣ ኦፕራሲዮኑና ድንጋጤው ደግሞ ይጨመሩበታል። መዘግየቱ "አይመጣም" ማለት አይደለም። እያለቡ መጠበቅ እንጂ ሳያልቡ መጠበቅ ግን አይሠራም።

እህቴ በነበረችበት ቦታ እናቶቹ የሚያልቡት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ነበር። እያንዳንዱ ኩባያ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ የእናትየዋ ስም ተጽፎበታል። የጎረቤቷ ኩባያ እስከ አጋማሹ ነጭ ነው። የእህቴ ደግሞ ከሥሩ ብቻ ቢጫ ብሏል። ለሲስተሯ ስትሰጣት በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ ነበር። ጎረቤቷ ከወለደች ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ የእህቴ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ይህን ልዩነት የነገራት ሰው አልነበረም። እነዚያ ኩባያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፈተና የወደቀች እንጂ ገና የጀመረች አልመሰላትም። እናቶች እንዲህ አንድ ላይ የሚያልቡባቸው ክፍሎች በየኩባያው ላይ ቀኑንም ቢጽፉ ጥሩ ነው እላለሁ። የማንም ወተት መለካት ያለበት ከራሷ ትናንት ጋር ነው።

ጡት የሚታዘዘው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሁሉም ነገር የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና።

ወተት እንዲመረት የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው። የተመረተውን ገፍቶ የሚያወጣው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው። ፕሮላክቲን ጡት በተነካና በታለበ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ሌሊት ላይ ደግሞ የበለጠ ይነሳል። ኦክሲቶሲን ከስሜት ጋር የተያያዘ ነው። ሕመም፣ ፍርሃትና እፍረት ለጊዜው ይይዙታል። ወተቱ እዚያው እያለ አልወጣ ይላል። የልጁ ሽታ፣ ድምፁ፣ ገላው ደግሞ ይለቁታል። ከልጇ የራቀች እናት ፎቶውን በስልኳ እያየች ወይም የተጠቀለለበትን ጨርቅ ይዛ ስታልብ የተሻለ የሚወጣላት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ጡት ውስጥ የቆመ ወተት ራሱ ምርቱን ይቀንሳል። ካልወጣ ጡቱ "አልተፈለገም" ብሎ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህ ከቀጠለ ምርቱን ኋላ ላይ መመለስ ከባድ ይሆናል። "ጡቴ ይሙላና አልበዋለሁ" የሚለው ሐሳብ ትክክል የሚመስለው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ የሚሆነው ለዚህ ነው። የተጠራቀመ ጡት ያጋታል፣ ይጠጥራል፣ ያማል። ሳይታለብ ሲቆይ ደግሞ ወደ ቁስለትና ትኩሳት ሊሄድ ይችላል።

ቁጥሩ ይህ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማለብ ያስፈልጋል። ይህ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ማለት ነው፤ ሌሊቱንም ጨምሮ። በሌሊት አንድ ረዘም ያለ እንቅልፍ ብትተኛ እንኳን ከ5 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። እንዲህ ከተደረገ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን ወደ 500 ሚሊ መድረስ ጥሩ ምልክት ነው። ልጁ በዚያ ጊዜ ይህን ያህል ላይፈልግ ይችላል። ግን ያድጋል፣ ፍላጎቱም ይጨምራል። የኋላው ምርት የሚወሰነው አሁን ነው።

እስኪ አስቡት። በቀን 8 ጊዜ፣ በአንዴ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ 4 ሰዓት ሙሉ ማለብ ነው። ኩባያ ማጠብ፣ መቀቀል፣ ወደ ክፍሉ ማድረስ ሳይጨመር። ቁስሏ ያልደረቀ ሴት ናት ይህን የምትሠራው። ለእኔ ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ እንደ ሥራም መከበር አለበት።

አስተላለቡን ለእናቲቱ በቀጥታ ልንገራት። እጅሽን ታጠቢ። ጡትሽን በሞቀ ጨርቅ ወይም በእጅሽ ቀስ ብለሽ እሺው። አውራ ጣትሽን ከጫፉ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጊ። ጫፉን አትያዢ፤ ከእሱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ በዪ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጊ። ጣትሽ በቆዳሽ ላይ አይንሸራተት። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ አታቁሚ። ሲቀንስ ወደ ሌላው ጡት ዙሪ፣ ከዚያ ተመለሺ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ካመመሽ አያያዙ ላይ ስህተት አለና ሲስተሯን "አሳዪኝ" በያት። የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለሽ ጥሩ ነው። ለእንገሩ ግን እጅ ይሻላል፤ ፓምፕ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ስለ አጥሚት ሳላነሳ ባልፍ ሐዋሳ ተቀምጬ አልጻፍኩም ማለት ነው። የእህቴ አማት ጠዋት ጠዋት ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዘው ይመጡ ነበር። አብሹም፣ ገንፎውም፣ ቅቤውም አልቀረም። "ልጄ፣ ካልጠጣሽ ከየት ይመጣል?" ይሏታል። እውነታቸውን ነው፤ አራስ መብላት አለባት፣ በጠማት ቁጥር መጠጣት አለባት። ግን አጥሚት የማለብን ቦታ አይተካም። አንድ ቀን ልታልብ በተቀመጠችበት ሰዓት ሲመጡ "እማማ፣ ትንሽ ይታገሷት፣ አልባ ትጨርስና ትጠጣለች" አልኳቸው። ቅር አላላቸውም። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን እየጠየቁ መምጣት ጀመሩ፤ ኩባያውንም ማጠብ ጀመሩ። ከዚያ ሁሉ አጥሚት ይልቅ የኩባያው እጥበት የጠቀማት ይመስለኛል፤ ለእንቅልፍ ጊዜ አገኘችበት።

በቱቦ የሚሄደው ወተት

ከ34 ሳምንት በታች የሆነ ልጅ ብዙውን ጊዜ ወተቱን የሚያገኘው በአፍንጫው ወይም በአፉ እስከ ጨጓራው በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ለእናት የመጀመሪያው እይታ ያስፈራል። ቱቦው ግን አያመውም ማለት ይቻላል። ወተቱ በግፊት አይላክም። ሲሪንጁ ከፍ ተደርጎ ይያዝና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲሪንጁን መያዝ እናት የምትችለው ነገር ነው። ጠይቁ፤ ብዙ ነርሶች በደስታ ያስይዛሉ። ልጇን መንካት የፈራች እናት በዚህ በኩል ነው ወደ ልጇ የምትቀርበው።

መጠኑ በክብደት ይሰላል። 1,500 ግራም የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። መጀመሪያ ላይ በቀን ለአንድ ኪሎ 60 ሚሊ ቢታዘዝለት 90 ሚሊ ይሆናል። በየሁለት ሰዓቱ ሲከፈል በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ሚሊ ነው። ቀስ እያለ ለአንድ ኪሎ ወደ 160 ሚሊ ሲደርስ በቀን 240፣ በየሁለት ሰዓቱ 20 ሚሊ ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ልጅ በጣም ባነሰ ይጀምራል። ስለዚህ "20 ሚሊ ምን ያደርግለታል?" የምትል አያት ካለች ይህን ሒሳብ አሳዩአት።

አንዳንዴ ሆዱ ይነፋና ወተቱ ለጊዜው ይቆማል። ብዙ እናት "ወተቴ ጎዳው" ብላ የምታለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ያልጠነከረ አንጀት ሊቆጣና ክፉኛ ሊታመም ይችላል፤ በሽታው ገዳይም ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሆዱን አጥብቀው የሚከታተሉት ለዚህ ነው። የእናት ወተት ግን ይህን በሽታ ከሚቀንሱት ነገሮች ዋናው ነው። የዱቄት ወተት የሚወስዱ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ በሽታው በብዛት ይታያል። ስለዚህ ልጁ መውሰድ ባቆመባቸው ቀናት ማለቡ አይቆምም። ወተቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ያለጊዜዋ የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀኗ ሞልቶ ከወለደችው እናት ወተት የበለጠ ፕሮቲን አለው። ከ1,500 ግራም በታች ለሆነ ልጅ ግን ይህም ላይበቃ ይችላልና ሐኪሙ ተጨማሪ ሊያዝ ይችላል። ተጨማሪው ከእናት ወተት ጋር የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም። ክፍል ውስጥ ወተት የተረፋት እናት ለጎረቤቷ ልጅ ልስጥ ስትል ደግሞ ልቧ ጥሩ ነው። ኤችአይቪና ሌሎች ቫይረሶች በወተት ሊተላለፉ ስለሚችሉ ግን በሽፍንፍን አይደረግም፤ ሐኪሙ ይወቅ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች የራሷን ልጅ ማጥባት ትችላለች።

የሚወሰድ ወተት አያያዙ ይህ ነው። የተቀቀለ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ስምና ሰዓት። በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፤ በሞቃት ቀን ከዚያ ባነሰ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። የልጁ ክፍል ያጠረ ሰዓት ከሰጠ የክፍሉ ይከበር። ሲሞቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም።

ደረት ላይ

1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ አንድ ችግር ገጠማቸው። ማሞቂያው አይበቃም፤ አንድ ማሞቂያ ውስጥ ከአንድ በላይ ሕፃን ይተኛል፣ ኢንፌክሽን ይዛመታል። እሳቸው ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አደረጓቸው። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። አገራችንም የገባው ዛሬ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል።

ለረጅም ጊዜ "ልጁ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ደረት ላይ ይሁን" ይባል ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ቀየረው። ጥናቱ የተካሄደው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ነው። ወዲያው እንደተወለዱ ደረት ላይ ከዋሉት መካከል በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሞቱት ከመቶ 12 ናቸው። ከተረጋጉ በኋላ ከጀመሩት ደግሞ ከመቶ 15.7። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜያቸው ወይም ከ2,500 ግራም በታች ሆነው ለተወለዱ ሁሉ ወዲያው እንዲጀመር፣ በቀንም ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን አለ። በራሳቸው መተንፈስ የማይችሉና በጣም የታመሙ ብቻ ይቆያሉ።

ከወተት ጋር ያለው ዝምድና ቀላል ነው። ልጁ ደረቷ ላይ ሲሆን ኦክሲቶሲኑ ይለቀቃል። ወዲያው ከእሱ በኋላ ስታልብ ብዙ ይወጣላታል። ልጁም የጡቱን ሽታ ይለምዳል፣ ራሱን ማዞር ይጀምራል፣ ይልሳል። መጥባት የሚማረው እዚያ ነው።

አደራረጉ፦ ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ አንገቱ አይታጠፍም። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይከፈታሉ። በነጠላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከላይ ጋቢ ይደረባል። አባትም ይህን ማድረግ ይችላል። እሷ በምታልብበት፣ ገላዋን በምትታጠብበት፣ በምትተኛበት ሰዓት እሱ ይታቀፍ። መጀመሪያ የሚያፍሩ ወንዶች አሉ፤ ሸሚዙን መፍታት ይከብዳቸዋል። አንዱ ሲጀምር ግን ሌሎቹ ይከተላሉ።

ከቱቦ ወደ ጡት

ይህ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። መጀመሪያ እናት ታልባለች፤ ከዚያ ባዶ ሊባል በደረሰው ጡት ላይ ልጁ ይለማመዳል። የሚያንቀው ብዙ ወተት የለም። ይልሳል፣ አንድ ሁለቴ ይስባል፣ ይተኛል። ለዚያ ቀን በቂ ነው። ቀናት ሲሄዱ አራት አምስት ጊዜ ይስብና ያርፋል። ዕረፍቱ ረጅም ነው። ብዙ እናት ጠገበ ብላ ታነሳዋለች፤ እሱ ግን ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ትንሽ ጠብቂው።

አያያዙም ይለያል። ጭንቅላቱ ከጉልበቱ በላይ ይከብደዋል። ስለዚህ በቀኝ ጡትሽ ስታጠቢው በግራ ክንድሽ ያዢው፤ የግራ መዳፍሽ አንገቱንና ትከሻውን ይደግፍ። ቀኝ እጅሽ ጡትሽን ይያዝ። ሲዘገይ ጡትሽን ቀስ አድርገሽ ጨመቅ አድርጊለት፤ ሳይደክም ይደርሰዋል።

የቀረውን በሲኒ ይወስዳል። አዎ፣ በትንሽ ሲኒ። ልጁ ቀና ብሎ ይታቀፋል፣ የሲኒው ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ያዘነብላል። እሱ በምላሱ ይስበዋል። አፉ ውስጥ አይፈስም፤ የፈሰሰ ወተት ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ጡጦ በብዛት የማይመከረው ለማጽዳት ስለሚያስቸግርና የአሳሳቡ መንገድ ከጡት ስለሚለይ ነው። ሲኒ ታጥቦ ይቀቀላል፣ አለቀ።

በየጠዋቱ ሚዛን አለ፤ የእናቶቹ ፊት የሚለወጥበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነስ ያለ ነገር ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ የተወለደበትን ክብደት ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በቀን ለአንድ ኪሎ 15 ግራም ያህል መጨመር ጥሩ ነው። 1,500 ግራም ለሆነ ልጅ ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ ቀን ባይጨምር አትደንግጪ፤ የሳምንቱን ተመልከች።

የሚርቀው መንገድ

ሐዋሳ ለብዙዎች የመጨረሻ ሪፈር ናት። ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከአጎራባች ዞኖች ጭምር ይመጣሉ። እናት ቶሎ ከአልጋ ትወጣለች፣ ልጁ ይቆያል። ዘመድ ያላት ዘመድ ቤት ታርፋለች። ሌሊት ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ሌሊት ልጇ ዘንድ መሄድ ያልቻለች እናት ሌሊት ማለቡንም ትተዋለች፤ ወተቱ መቀነስ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ለአጥሚቱ ከሚያወጣው ከፍሎ ሆስፒታሉ አጠገብ ማደሪያ ቢፈልግላት ይሻላል። ይህም ካልሆነ ባረፈችበት ቤት በሰዓቱ አልባ ጠዋት ይዛ ትሂድ። ሆስፒታሎችም ለእናቶቹ ማደሪያ ቢያዘጋጁ የወተቱ ጉዳይ ግማሹ እዚያው ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

ተቀጥራ የምትሠራም አለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ብቻ እንኳን ስንት ወጣት ሴት አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት በደመወዝ ይሰጣል። ያለጊዜዋ የወለደች ሴት ግን የቅድመ ወሊዱን ፈቃድ ሳትጀምረው ወልዳለች። 90ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከወለደች በኋላ ነው፤ ልጁ ማሞቂያ ውስጥ ባለበት ጊዜ ጭምር። ጡት መጥባት በቅጡ ሳይችል ፈቃዷ ይጋመሳል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። አለቆች ቢያንስ የዓመት ፈቃዷን እንድትጨምርበት፣ ስትመለስም የምታልብበት በሩ የሚዘጋ ክፍልና ጊዜ እንድታገኝ ማድረግ ይችላሉ።

ቤት ከገባ በኋላ

ልጁ ሲወጣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ሆስፒታል እያለ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ለማለት የፈሩ ሁሉ አሁን ይመጣሉ። ደስታው ይገባታል፤ ለሳምንታት እንዳልወለደች ተቆጥራ ከርማለች። ጉንፋን ያለበት ሰው ግን ይቅር። ልጁንም አይሳሙት።

ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም የሚሉ ይኖራሉ። ለዚህ ልጅ አንዱም አይሰጥ። አንጀቱም፣ መዋጡም ገና ነው። ከጡት ወተት ሌላ የሚገባው በሐኪም የታዘዘ ጠብታ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የብረትና የቫይታሚን ዲ። አልቅሶ እስኪጠይቅም አይጠበቅም። ብዙ ይተኛልና በየሁለት፣ ቢበዛ በየሦስት ሰዓቱ ይቀስቀስና ይጥባ። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ እየደረሰው ነው። ሌላው ሰው "ስንት ወሩ ነው?" ሲል ሁለት ዕድሜ እንዳለው አስታውሺ። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ4 ወር ልጅ በሥራው የ2 ወር ልጅ ነው። ለክትባት ግን የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው።

ደረት ላይ ማዋሉ ቤትም ይቀጥላል፤ ልጁ ራሱ እየተወራጨ አልቀመጥም እስኪል ድረስ።

መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከተኮሰ፣ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ዓይኑና ገላው ቢጫ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ጠዋትን አትጠብቁ። ቀጠሮም አትጠብቁ። በደረቷ ላይ በነጠላ አስራችሁት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።